ቁምጣ የለበሰው መጋረጃ

ሰፈሩ «እሜቴ ብጣሽ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት መንገዱ ጥግ ላይ ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች በራፋቸው ላይ ትቆምና፣ ከመቀሳቸው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ዶሮ ጥሬ እንደምትጠብቀው እየጠበቀች፣ «ጋሼ፣ ይቺን ብጣሽ ይጥሏታል?» ትላቸው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን «ውሰጃት» አሉ። ሲሰነብቱ ግን «እሜቴ፣ ለምን አንደኛሽን ከረጢት ይዘሽ አትመጪም?» ብለው ቀለዱ። በማግስቱ እውነትም ከረጢት ይዛ ከች አለች። ስሙ በዚያው ተለጠፈባት፤ እሷም አልተቀየመችም። «በብጣሽ ቤት ውስጥ እየኖርኩ በብጣሽ ብጠራ ምን ይለኛል» ትላለች።

እውነቷን ነው። ከባሏና ከትንሿ ልጇ ጋር የምትኖርበት የኪራይ ቤት አንድ ሰፊ ክፍልና ከጀርባው የተለጠፈች ጠባብ ማዕድ ቤት ናት። ከበሩ ጀርባ ባለ ብዙ ኪስ ሸራ ተሰቅሏል፤ የሦስቱም ጫማ፣ ጃንጥላውና ጠፋ ተብሎ የተለቀሰለት መጫወቻ ሁሉ እዚያ ይገኛል። በበሩ ሥር ብርድና አቧራ እንዳይገባ፣ አሸዋ የተሞላ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ተጋድሟል፤ ልጅቷ ሁለት ዓይን ካሰፋችለት ወዲህ ስሙ «እባቡ» ነው። ትኩስ ድስት የሚነሳበት ድርብ ጨርቅ ድሮ የባሏ ሱሪ ጉልበት ነበር። የሶፋው ትራሶች ሆዳቸው ውስጥ ያለው ጥጥ እንዳይመስላችሁ፤ ለምንም የማይሆን ክርና ብጥስጣሽ ነው። የተደገፈባቸው እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አላማረረም።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ችግር ነው የሚል ቢኖር ግማሹን ብቻ ነው ያወቀው። ሌላውን ግማሽ ያስተማራት ትምህርት ቤት የነበረው የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። እዚያ የሠራችው የመጀመሪያ ነገር አራት ማዕዘን መሆን የነበረበት፣ አምስት ማዕዘን ሆኖ የወጣ የድስት መያዣ ነበር። መምህሯ ሳቁ፣ ክፍሉ ሳቀ፣ እናቷ ግን ወስደው ድስት አወጡበት፤ እጃቸውንም አልተቃጠሉም። «ነገሩ ካገለገለ ሌላው ይስተካከላል» የሚለውን ያን ቀን ያዘች። ዛሬም ብትሆን ኮሌታና እጅጌ አታውቅም፤ አውቃለሁም አትልም። የምታውቀው ቀጥ ያለ ስፌት ነው። «ቀጥ አድርጎ መስፋት የቻለ ሰው ግማሹን ቤት ሠርቷል» ትላለች። የምትሰፋበትም ልብስ ሰፊው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከገዙ በኋላ የለቀቁላት፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ መኪና ነው። ጠዋት ጠዋት መዘውሩ ሲንኳኳ ጎረቤት «ተነስታለች» ይላል።

አሁን ወደ ሜትሩ እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በሱ ነውና። የቤቱ የጨርቅ ሜትር ራስ የለውም። ልጅቷ አንድ ቀን ለአሻንጉሊቷ ቀበቶ ስትፈልግ መቀስ አንስታ ጫፉን ቀነጠሰችው፤ ከዚያ ወዲህ ሜትሩ የሚጀምረው ከሃያ ሳንቲ ሜትር ነው። ሌላ ሴት ብትሆን አዲስ ትገዛ ነበር። እሷ ግን «ራሱ ቢቆረጥ እግሩ አለ» ብላ መልሳ ጠቀለለችው። ለቤቱም ሕግ አወጣች፤ ለካ፣ ያነበብከውን ያዝ፣ ሃያ ቀንስ። ባሏም ሕጉን ለመደ። ለመደ ብቻ ሳይሆን በጣም ለመደ።

ባሏ በያጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ከብረት ሲያጣብቅ ይውላል። እናቱ ደግሞ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ማለዳ ከአልጋቸው ሲወርዱ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን መነሳት አቅቷቸው፣ በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ፣ የእህታቸው ልጅ ከሰዓት በኋላ ልትጠይቃቸው መጥታ ድምፃቸውን እስክትሰማ ድረስ ወለሉ ላይ ዋሉ። ይህን የሰማ ዕለት በያጁ እራት ቀርቦለት አልበላም። ሚስቱ ሳህኑን ከድና፣ «እዚህ ይምጡ» አለች።

«አትመጣም። አታውቂያትም እንዴ?»

አማቷን ታውቃቸዋለች። ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን የጆንያ አፍ ሲሰፉ የኖሩ፣ ምላሳቸውም እንደ ጆንያ መርፌያቸው ረዘም ያለ ሴት ናቸው። ስልክ ሲደወልላቸው ልጃቸውን እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ እንዲህ አሉ፦

«መምጣቱንስ እመጣለሁ። ግን ልንገርህ፤ እኔ የራሴን በር ከፍቼ የራሴን በር ዘግቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። በስተርጅና ሰው አልጋ ሥር እንደ ጓዝ አልቀመጥም። በር ካለኝ እኖራለሁ። ከሌለኝ ቅዳሜ ተመላሽ ነኝ።»

በያጁ ስልኩን ዘግቶ ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየው። «አንድ ክፍል ውስጥ በር ከየት ይመጣል? ግድግዳ እንዳላቆምላት የሰው ቤት።»

«ግድግዳ ማን አለህ? በመስኮቱ በኩል ያለውን ጥግ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ ቧንቧ ስቀልልኝ። ሌላውን ለኔ ተወው።»

«እናቴን በመጋረጃ ልትሸውጂያት?»

«እናትህን ማን ይሸውዳቸዋል? ጨርቁ በር እስኪሆን እሰፋዋለሁ እንጂ።»

እሱ ወለሉን እያየ፣ «ሁለተኛ ብትወድቅና ማንም ባይሰማትስ» አለ። ሚስቱ መኪናዋን ለመቀባት ዘይት የፈለገችው በዚያው ምሽት ነው።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትሄድ ከረጢቷን አልያዘችም።

«ዛሬ ብጣሽ አልፈልግም ጋሼ። ያንን ጥቅል ነው» አለችና፣ ለአንድ ሆቴል መጋረጃ ተሰፍቶ የተረፈውን አመድማ ወፍራም ጨርቅ አሳየቻቸው።

«ኧረ እሜቴ፣ ማዕረግሽን ከፍ አደረግሽ።»

«አማቴ ሊመጡ ነው።»

«እንግዲያው ጥቅሉም አይበቃሽ፣ ግንብ ያስፈልግሻል።» ሳቁና ጥቅሉን አወረዱላት። በምትኩ የተማሪ ዩኒፎርም ጠርዝ እያጠፈች ልትሰፋላቸው ተስማሙ።

ጨርቁን ወዲያው አልቆረጠችውም። «ጨርቅ ከመቀስ በፊት ውሃ ይቅመስ» የሚል አባባል አላት፤ ከተሰፋ በኋላ ታጥቦ የሚሰበሰብ ጨርቅ ስንቱን ባለሙያ አሳፍሯል። ስለዚህ አጠበችው፣ አሰጣችው፣ እርጥበቱ ሳይለቀው ተኮሰችው። ከዚያ የልብስ ሰፊውን ሰፊ ጠረጴዛ ተውሳ ዘረጋችው። ባሏ ያን ሰዓት ቧንቧውን ሰቅሎ ጨርሶ ነበርና፣ ከቧንቧው እስከ ወለሉ ለክቶ በስልክ ነገራት። እሷም ቁጥሩን እያጉተመተመች ሃያ ቀነሰችና የልብስ ሰፊውን ሜትር ዘርግታ ጠመኔዋን አነሳች።

ልብስ ሰፊው በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ምኑን ነው የምትቀንሺው?»

«የቤታችን ሜትር ራስ የለውም ጋሼ።»

«ሜትሩ ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

አማቷ በሚገቡበት ሰኞ መጋረጃው ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ቧንቧው ላይ ተሰቀለ። አወራረዱ የሚያምር ነበር። ከላይ ወደ ታች እያየችው መጣች፣ መጣች፣ ወለሉ ጋ ሳትደርስ ጨርቁ አለቀ። በጨርቁና በወለሉ መካከል አንድ ስንዝር የሚሆን ክፍተት ነበር።

ባልና ሚስት ጎን ለጎን ቆመው አዩት።

«ሃያውን ቀንሰህ ነበር?»

«ቀነስኩ እንጂ። ያንቺው ሕግ አይደል?»

«እኔም ቀንሻለሁ።»

ማንም ማንን መውቀስ አልቻለም፤ ሁለቱም ትክክል ነበሩ። የተሳሳተው መጋረጃው ብቻ ነው። በያጁ መሳቅ ጀምሮ ሰዓቱን ሲያይ ሳቁ ከንፈሩ ላይ ቀረ፤ አውቶቡሱ የሚደርስበት ጊዜ ነበርና ሮጦ ወጣ። እሷ ብቻዋን ቀረች። ጨርቁን ወደ ታች ሳብ አደረገችው፤ ጨርቅ በመሳብ አይረዝምም። «እሺ» አለች ለራሷ፣ «ይታያል»። ከዚያ ልጅቷን ፊቷን አጠበቻት።

አማቷ አጠር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው በብርድ ልብስ የታሰረ ጓዝ ይዘው ገቡ። ከዚያ ጓዝ ሌላ ምንም አላመጡም፤ የቀረው ዕቃቸው በቤታቸው ተቆልፎበታል። የቤታቸው መክፈቻ መሐረብ ጫፍ ላይ ተቋጥሮ ደረታቸው ውስጥ ነበር። ሰላምታው፣ መሳሳሙ፣ «ከሳሽ»፣ «ወፈርሽ»ው ሁሉ ሲያበቃ፣ ወደ ጥጉ ተመለከቱ።

«ይሄ ነው በሩ?»

«አዎ፣ እማማ። ይግቡና ይዩት።»

ገቡ። ከውስጥ አዲስ የተነጠፈ አልጋ፣ በብጣሽ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ፣ ለመነጽራቸውና ለመድኃኒታቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ባለ ኪስ ጨርቅ ነበር። መጋረጃውን ከኋላቸው ዘጉት። ከጨርቁ ሥር ግን ሁለት ጥቁር ጫማዎች ቆመው ይታያሉ።

«አያቴ፣ እግርሽ ይታያል» አለች ልጅቷ።

ጫማዎቹ ትንሽ ዞር አሉ። «እግሬ ይታያል? ታዲያ እናትሽ መጋረጃውን ቁምጣ አልብሳው ምን ላድርግ።»

በያጁ ሳቁን ለመዋጥ ሳለ። ሚስቱ ጆሮዋ ጋለ፤ ግን «ለጊዜው ነው እማማ፤ ሱሪ አደርገዋለሁ» አለች።

«እስከ ቅዳሜ ከደረሰልሽ» አሉ ከውስጥ።

በማግስቱ ጠዋት አማቷ ሻያቸውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡና ቀሪውን ነገሯት። የቤቱ በር በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ መጋረጃውን እንደ ፊኛ ይነፋዋል፤ በሌሊት ልብሳቸው የተኙ ሰው ጠዋት ለሰፈሩ ሁሉ ሊታዩ ነው።

«ደግሞስ በር ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ። «እንጨት አይደለም፣ ብረትም አይደለም። በር ማለት ሰው ሳይገባ በፊት ‹ማነው?› የምትይበት ነገር ነው። እዚህ ግን ልጅሽ ራሷን ብቅ ታደርጋለች፣ ቀጥሎ ልጄ ራሱን ብቅ ያደርጋል። እኔ ቤት ውስጥ ነኝ ወይስ ቴአትር ቤት?»

ሌላ ምራት ብትሆን ማዕድ ቤት ገብታ ታለቅስ ይሆናል። እሷ ግን ልብስ ሰፊው ዘንድ ስትመላለስ አንድ ነገር ተምራለች፤ የሚያማርር ደንበኛ እየሰደበህ ሳይሆን ልክ እየሰጠህ ነው። አማቷም ልካቸውን ሰጥተዋታል፦ ማጠር፣ መነፋት፣ አለመንኳኳት። ሦስቱንም በጣቷ ቆጥራ ከመጨረሻው ጀመረች።

ልብስ ሰፊው ክራቸው ያለቀ የእንጨት ማጠንጠኛዎች በቆርቆሮ ሣጥን ያጠራቅሙ ነበር። አንድ እፍኝ ለምና አመጣች። በወፍራም ገመድ ሰካቻቸውና፣ በመጋረጃው ጠርዝ በኩል ከቧንቧው ላይ አንጠለጠለቻቸው። ከሥር ልጅቷ የምትደርስበት የጨርቅ ኳስ አሰረችለት። ኳሱን ሲስቡት እንጨቶቹ ከቧንቧው ጋር እየተጋጩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላሉ።

የመጀመሪያዋ እንግዳ ልጅቷ ነበረች።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

ከውስጥ «ማነው?» ተባለ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«የልጅሽ ልጅ።»

«ምን ፈለግሽ?»

ልጅቷ ይህን አላሰበችበትም። እናቷን ዞር ብላ አየች፣ ከዚያ «ምንም» አለች።

«እንግዲያው ቆዪ። ፀጉሬን እየሠራሁ ነው።»

ልጅቷ እንደ ጉዳይ አስፈጻሚ መጋረጃው ፊት ቆማ ጠበቀች። ከውስጥ ምንም አይሰማም ነበር፤ ፀጉር የሚሠራ ሰው እንኳን አይመስልም። በኋላ አንዴ «ግቢ» ሲሏት ገብታ፣ ስትወጣ ለእናቷ በሹክሹክታ፣ «ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው» አለቻት።

ማምሻውን በያጁ ከሥራ ሲመለስ እሱም አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«አሁን አይመቸኝም። ታጥበህ ና፣ ጢስ ጢስ ትላለህ።»

«በመጋረጃ ውስጥ ሸተትኩሽ?»

«ከወለድኩህ ጀምሮ አውቅሃለሁ።»

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት እየከተፈች ከንፈሯን ነከሰች። አንዱ ልክ መጥቷል።

ማጠሩ ግን አስቸገራት። አመድማው ጨርቅ አልቋል፤ ልብስ ሰፊው ዘንድም የሚመስለው የለም። ከረጢቷን አፍስሳ ወለሉ ላይ ብጣሾቿን ስትደረድር፣ ይሄ ሳሳ፣ ያኛው ደመቀ ስትል፣ አማቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ከላይ አዩዋት። ምንም ሳይሉ ተመለሱ። የጓዛቸው ገመድ ሲፈታ ተሰማ። ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ መሬት ላይ ነጭ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ጉልበቱ የሳሳ ቀሚስ ይዘው ወጡ።

«ይሄን ቅጠይበት።»

«እማማ፣ ይሄማ ቀሚስዎ ነው።»

«መጋዘን እለብሰው ነበር። እኔን ሃያ ዓመት ከሸፈነ እግሬን መሸፈን አያቅተውም።»

ቀሚሱን ተረትራ፣ የሳሳውን ለይታ፣ ደህናውን እንደ መቀነት እየቀደደች አንድ ረጅም ጠርዝ አወጣችለት። መኪናዋን ልታዞር ስትቀመጥ ግን አማቷ እጃቸውን መዘውሩ ላይ አሳረፉ።

«በእጄ ነው የምሰፋው።»

«ዓይንዎ…»

«መርፌው ላይ ክር አስገቡልኝ እንጂ ስፌቱን እጄ ያውቀዋል። ይሄ ሁሉ አገር የበላው እህል በኔ ስፌት ታስሮ ነው የመጣው።»

ልጅቷ ክር አስገባች፤ አያቷ ሰፉ። ስፌታቸው እንደ ጆንያ አፍ ረዥም፣ ጠንካራና በግልጽ የሚታይ ነበር፤ ነጭ ክር በሰማያዊ ላይ፣ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ያዘነበለ። ቀጥ ያለ ስፌት ሃይማኖቷ የሆነላት ምራት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጣቶቿን በላት። ሲተኙ ፈትቼ በመኪና ልድገመው የሚል ሐሳብ መጣባት፤ አልክድም ብላ ለባሏ ነግራዋለች። ግን መጋረጃው መልሶ ሲሰቀልና ሰማያዊው ጠርዝ ወለሉን ሲነካ፣ አመድማው ጨርቅ መጀመሪያውኑ ይህን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር። ነገሩ ካገለገለ ሌላው ይስተካከላል። ወይም ሳይስተካከል ያምራል። ተወችው።

ቀጥሎ ነፋሱ ነበር። በያጁ ከሥራ ቦታው ራንዴላ አመጣላት፤ ብሎን ሥር የሚገቡትን መሃላቸው ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረቶች። ለያንዳንዱ በጠርዙ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ኪስ አበጀችና ከተተቻቸው፤ ጨርቁ ከበድ ብሎ ወረደ። በሩ በኩል ያለችው የመጨረሻዋ ኪስ ግን ባዶ ቀረች፤ የሷን ራንዴላ ልጅቷ ለአሻንጉሊቷ ሳህን አድርጋ ወስዳታለች፤ አሻንጉሊቷም ራት ላይ ነበረች።

«ነገ ሌላ ያመጣልናል» አለች ምራት። «ካለዚያ ያቺ ጥግ ትነሳለች።»

«ተዪው» አሉ አማቷ። «አንድ የሚከብድ ነገር አይጠፋም።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በያጁ ወደ ቤት ሲገባ መጋረጃው ተገልጦ ነበር። ጓዙን አየው። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ፣ በገመድ ታስሮ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱን በዓይኑ ጠየቃት። እሷም አይታዋለች። «ሦስቱንም ልካቸውን ሠርቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። ድምፅዋ የተማመነ ነበር፤ እጆቿ ግን የታጠበ ሰሃን ደግመው ያጥቡ ነበር።

ቅዳሜ በያጁ ሥራ አልገባም። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ ነው የሚነሳው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ትራሱን አቅፎ መጋረጃውን ያያል። ሰኞ ዕለት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ እናቱ የመንገድ ጫማቸውን ካደረጉ ይሄዳሉ፣ የቤት ጫማቸውን ካደረጉ ይቀመጣሉ። አሁን ግን ሰማያዊው ጠርዝ ወለሉን ልሶታል። ከውስጥ የሚታይ ምንም የለም።

ልጅቷ በሆዷ ተኝታ በሥር ልታጮልቅ ስትል እናቷ እግሯን ያዘቻት።

«ነውር ነው። በር ነው።»

በያጁ ሚስቱን አያት። «ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል፣ ምን ዋጋ አለው» የሚል አስተያየት ነበር። በመጨረሻ ተነስቶ ኳሱን ሳበ።

ቋ፣ ቋ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ። ሰዓቱ…»

«ቆይ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ቆዩ። ከውስጥ አንዴ ትንሽ ማቃሰት፣ አንዴ የአልጋ መንቋቋት ተሰማ። ከዚያ የአማቷ ስልክ ጮኸ። ስልክ ሲያወሩ የመጋዘን ድምፃቸው ስለሚመለስ፣ ጨርቁ ቀርቶ ግንብም አይከለክለው። የደወለችው የእህታቸው ልጅ ነበረች።

«አቤት… ደህና ነኝ… አይ፣ አልመጣም እንግዲህ… አላመመኝም፣ ምን ያመኛል… ቤቱንማ አንቺ ግቢበት፤ ከልጆችሽ ጋር በሰው ቤት ከምትንከራተቺ… መክፈቻው? መክፈቻውን አልክልሽም… አልጠፋም፣ ሥራ ይዟል ነው የምልሽ… ጓጉንቸሩን ሰብረሽ ግቢ፣ አሮጌ ነው፣ አንድ ምት አይችልም።»

በያጁ ትራሱን እንዳቀፈ ቀረ። ሚስቱ ከማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ አንድም እንዳትናገር ለልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

መጋረጃው ተገለጠና አማቷ ወጡ። የቤት ጫማቸውን ነው ያደረጉት። ጠዋት ከስፌት ዕቃው ወስደውት የነበረውን መቀስ ለምራታቸው መለሱላት።

«ይሄ መቀስሽ አይቆርጥም፤ አስሞርጂው። አንተስ ምን ያስቀምጥሃል፣ ዛሬ ብረት የለም?»

«አለ፣ እማዬ።»

«እኔን ለመሸኘት ነው የቀረኸው? ጓዜን ያሰርኩት አልጋው ላይ ቦታ ስላጣበበኝ ነው። ባይሆን ምራቴ ከብርድ ልብሱ ትራስ ብታወጣ ይሻላል» አሉና፣ ከዘራቸውን ይዘው ፀሐይ ሊሞቁ ወጡ።

የቤቱን በር ሲከፍቱት ነፋሱ እንደ ልማዱ ገባ። መጋረጃው ንቅንቅ አላለም። ያቺ ባዶ የነበረችው ጥግ እንኳ አልተነሳችም።

ምራት ጎንበስ አለችና ጥጓን በጣቶቿ ዳሰሰቻት። ራንዴላ አይደለም። ረዘም ያለ ነገር ነው፤ አንዱ ጫፉ ክብ፣ ሌላው ጥርስ ያለው። ኪሷ አፍ ላይ ደግሞ አዲስ ስፌት አለ፤ እንደ ጆንያ አፍ የረዘመ፣ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ፣ መቼም እንዳይፈታ ተደርጎ የታሰረ። ባሏን በእጇ ጠርታ ጣቱን ወስዳ እዚያው ላይ አሳረፈችለት። እሱም ዳሰሰ፤ ዳሰሰና እዚያው ተንበርክኮ ቀረ።

«ደህና ነው የከበደው?» አለችው።

«ደህና ነው» አለ።

ሜትሩ እስከ ዛሬ ከሃያ ነው የሚጀምረው። ባሏ አዲስ ይዞላት መጥቶ ነበር፤ እሷ ግን አሮጌውን አልጣለችም፤ ሕጉን ብቻ አሻሻለችው፤ ማንም ይለካል፣ የምትቀንሰው እሷ ብቻ ናት። ከብርድ ልብሱ ትራስ ወጥቷል፣ ከትርፉም ለልጅቷ አሻንጉሊት ፍራሽ። መጋረጃውን ስታጥብ ራንዴላዎቹን ሁሉ ከኪሳቸው ታወጣለች፤ ያቺን ጥግ ግን አትነካትም፤ እንዳለች ታጥባታለች።

ያን ቅዳሜ ማምሻውን በያጁ ዘግይቶ ከሄደበት ሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ታጠበ። ሸሚዝ ቀየረ። ከዚያ ኳሱን ሳበ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

የለመዱትን ያህል አስጠበቁት።

«ግባ» አሉ።